ከባሕር ማዶ የመጣው ማሞቂያ

ከጋምቤላ ተመልሼ ስለ ኤሌክትሪክ ማሞቂያ እጽፋለሁ ስላችሁ «ፀሐይ መትቷት ይሆን?» እንዳትሉኝ እሠጋለሁ። ጋምቤላ ከተማ ከባሕር ወለል በላይ 500 ሜትር ያህል ብቻ ከፍታ ያላት፣ በባሮ ወንዝ ዳር የተቀመጠች ቆላ ናት። በየካቲትና በመጋቢት ሙቀቱ እስከ 40 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ይደርሳል፤ ሰው ጥላ ፍለጋ ከዛፍ ወደ ዛፍ ይሸጋገራል እንጂ ማሞቂያ አይመኝም። ሆኖም ቁርጥማት ቆላና ደጋ አይለይም። ወገቧን የሚቆርጣት ሴት፣ የወር አበባ ሲመጣባት ሆዷን ይዛ የምትንከባለል ልጃገረድ፣ ጉልበታቸው የማይታዘዝላቸው አሮጊት በደብረ ብርሃንም በጋምቤላም አሉ። የሚያምን ቦታ ማሞቅም እናቶቻችን ሁሉ የሚያውቁት ሕክምና ነው። ጨው በምጣድ አሙቆ በጨርቅ መቋጠር፣ ነጠላ በካውያ ተኩሶ ሆድ ላይ መጣል፣ ሙቅ ውሃ በጠርሙስ ማቀፍ የትም ቤት ያለ ነገር ነው።

አሁን አሁን ደግሞ በኤሌክትሪክ የሚሞቅ ጨርቅ መጥቷል። ትንሽ ትራስ የሚመስል፣ በውስጡ ቀጫጭን ሽቦዎች የተዘረጉበት፣ ገመድና የሙቀት መቆጣጠሪያ ያለው ዕቃ ነው። በብዙ ቤት የሚገባው ከሱቅ ተገዝቶ ሳይሆን ከውጭ አገር በዘመድ ሻንጣ ነው። ዛሬ የማጫውታችሁም በዚሁ መንገድ መጥቶ አንዲት እናት ስላቃጠለ ማሞቂያ ነው።

ትየርኪዲ በጋምቤላ ክልል በኢታንግ ልዩ ወረዳ የሚገኝ የስደተኞች መጠለያ ጣቢያ ነው። በደቡብ ሱዳን በታኅሣሥ 2006 ዓ.ም. ጦርነት ሲፈነዳ ድንበር አቋርጠው ለመጡት ሰዎች በዚያው ዓመት በየካቲት ወር ተከፈተ። ነዋሪዎቹ በአብዛኛው የኑዌር ተወላጆች ሲሆኑ፣ የሚበዙትም ሴቶችና ሕፃናት ናቸው። ከነዚህ ቤተሰቦች ብዙዎቹ አንድ እግራቸው በትየርኪዲ፣ አንድ እግራቸው በአሜሪካ ነው ቢባል ማጋነን አይሆንም። በነብራስካ ግዛት ባለችው በኦማሃ ከተማና በሚኒሶታ ብዙ የደቡብ ሱዳን ተወላጆች ይኖራሉ። ገንዘብ ይልካሉ፣ ልብስ ይልካሉ፣ መድኃኒት ይልካሉ።

«ማሌ!» ብለን ሰላምታ ሰጥተን ከጎጇቸው ደጃፍ ዛፍ ሥር የተቀመጥንላቸው እናት ዕድሜያቸውን በትክክል አይናገሩም፤ የልጅ ልጆቻቸውን ግን አንድ በአንድ ይቆጥራሉ። ረጅም ናቸው፤ ከመቀመጫቸው ሲነሡ ግን ጉልበታቸውን በሁለት እጃቸው ይዘው ነው። በወጣት አስተርጓሚ አማካይነት ስንነጋገር ከሁሉ አስቀድመው ያሳዩኝ የግራ እግራቸውን ነው። ከባታቸው በታች የመዳፍ ስፋት ያለው፣ ዙሪያው የጠቆረ፣ መሐሉ ሮዝ የሆነ ጠባሳ አለ።

ነገሩ እንዲህ ነው። ኦማሃ የምትኖረው ልጃቸው በስልክ «ጉልበቴን» ሲሏት ትሰማና ማሞቂያ ገዝታ አገር ቤት ለሚመጣ ሰው ትሰጣለች። ዕቃው ጋምቤላ ከተማ ይደርሳል። እኚህ እናት በሚኖሩበት ጎጆ ኤሌክትሪክ ስለሌለ ከተማ ቤት ተከራይታ ወደምትማረው የልጅ ልጃቸው ዘንድ ሄደው እንዲሞክሩት ተወሰነ። የማሞቂያው ስፒና ጠፍጣፋ ጥርስ ያለው የአሜሪካ ስፒና ነውና ከእኛ ሶኬት አይገጥምም። የልጅ ልጃቸው ግን ችግር አልሆነባትም፤ ከዚያው ከአሜሪካ በተላከላት የስልክ ቻርጀር ላይ የምታደርገው ትንሽ አዳፕተር ነበራት። ቻርጀሩ በዚያ አዳፕተር ሁለት ዓመት ሙሉ አንዳች ሳይሆን ሠርቷል። «ቻርጀሩ ከሠራ ማሞቂያው ለምን አይሠራም?» አለች። እናንተስ ብትሆኑ እንዲሁ አትሉም ነበር?

ማሞቂያውን እግራቸው ሥር አንጥፈው ሲቀመጡበት ደስ አላቸው። ሙቀቱ ጥሩ ነበር። ቀን ሙሉ በመንገድ ደክመው ስለነበረም እንቅልፍ ወሰዳቸው። የልጅ ልጃቸው የነቃችው በጭስ ሽታ ነው። አንሶላው ቡናማ ሆኗል፣ ማሞቂያው ተኮማትሯል፤ እርሳቸው ግን እንደተኙ ናቸው። ልጅቷ ጮኻ ስትቀሰቅሳቸው «ምን ሆንሽ?» ነበር ያሏት። እግራቸው ሲቃጠል አልታወቃቸውም!

ከዚህ ታሪክ ውስጥ ሁለት ነገር ሳልገልጽ ማለፍ አልፈልግም፤ አንዱ ስለ ዕቃው፣ ሁለተኛው ስለ እግሩ።

ከዕቃው ልጀምር። በአገራችን ከሶኬት የሚወጣው ኤሌክትሪክ 220 ቮልት ነው፤ በአሜሪካ ግን 120 ቮልት ነው። ለ120 ቮልት የተሠራ ማሞቂያ 220 ሲሰጡት ቮልቱ በእጥፍ ግድም አደገ ማለት ነው፤ የሚወጣው ሙቀት ግን በእጥፍ ብቻ አያድግም። ሙቀቱ የሚያድገው ቮልቱ ባደገበት ልክ ሁለት ጊዜ ተባዝቶ ስለሆነ፣ ከሦስት እጥፍ በላይ ይሆናል። ካርቶኑ ላይ 50 ዋት ተብሎ የተጻፈበት ማሞቂያ ወደ 168 ዋት ገደማ ይሆናል፤ ይህም ሦስት የዱሮ አምፖል አብርቶ ብርድ ልብስ ሥር እንደ መጨመር ነው። ዕድል ከቀና መቆጣጠሪያው ወዲያው ተቃጥሎ ዕቃው ይሞታል። ዕድል ካልቀና ደግሞ መቆጣጠሪያው ሳይቆርጥ ጨርቁ ይግላል።

ታዲያ የስልኩ ቻርጀር ለምን አልተቃጠለም? በቻርጀሩ ጀርባ ላይ በደቃቅ ፊደል «100-240» የሚል ቁጥር አለ። ይህ ማለት ከ100 እስከ 240 ቮልት ያለውን ሁሉ እንዲችል ሆኖ ተሠርቷል ማለት ነው። በማሞቂያው ላይ ግን «120» ብቻ ተጽፎ ነበር። ትንሿ አዳፕተር የምትለውጠው የስፒናውን ቅርጽ ብቻ ነው፤ ኃይሉን አትቀንስም። ቮልት የሚቀንሰው ትራንስፎርመር ሌላ ዕቃ ነው፤ ከባድ ነው፣ ዋጋውም ውድ ነው፣ የሚችለውም ዋት ከሚሰካበት ዕቃ ዋት መብለጥ አለበት። እኔን ብትጠይቁኝ ለአንድ ማሞቂያ ብሎ ትራንስፎርመር መግዛት የገንዘብ ብክነት ነው፤ እዚሁ ለ220 ቮልት የተሠራውን ፈልጎ መግዛት ይሻላል። ካውያም ይሁን የፀጉር ማድረቂያ፣ የውሃ ማፍያም ይሁን ማሞቂያ፣ ሙቀት የሚሰጥ ዕቃ ከአሜሪካ ሲመጣላችሁ አስቀድሞ ቁጥሩን አንብቡ። ማንበብ የማይችሉ እናት ካሉ ልጆች ያንብቡላቸው፤ ተማሪ የሌለበት ቤት ዛሬ ጥቂት ነውና።

ወደ እግሩ ልመለስ። እኚህ እናት ቁስላቸውን ይዘው ሐኪም ቤት ሲሄዱ ሐኪሙ ደማቸውን መረመረ፤ የስኳር በሽታ ተገኘባቸው። ለስንት ዓመት አብሯቸው እንደኖረ የሚያውቅ የለም። የስኳር በሽታ ሳይታከም ሲቆይ የእግር ነርቮችን ይጎዳል፤ እግር ይደነዝዛል፣ እሾህ ሲወጋው እሳት ሲነካው አያውቅም። በሥጋ ደዌ የተጎዳ እጅና እግርም እንደዚሁ ነው። አዲስ አበባ ያለው የአለርት ሆስፒታል በ1958 ዓ.ም. ከተቋቋመ ጀምሮ ሕሙማኑን ከሚያስተምራቸው ነገሮች አንዱ የደነዘዘ እጅን ከጋለ ድስትና ከምድጃ መጠበቅ፣ እግርን በየቀኑ እያገላበጡ ማየት ነው። አንድ ጎናቸው ሽባ የሆነባቸውም ሰዎች ሕመም ላይሰማቸው ይችላል። እንግዲህ ማሞቂያ በጣም የሚያስፈልጋቸው የሚመስሉን ሰዎች፣ ማለትም ሽማግሌዎችና ሕሙማን፣ ማሞቂያ በጣም የሚጎዳቸው ሰዎችም ናቸው።

ለመቃጠል ደግሞ የግድ እሳት አያስፈልግም። እ.ኤ.አ. በ1947 ሞሪትስና ኤንሪኬስ የተባሉ ሁለት አሜሪካውያን ተመራማሪዎች ቆዳ በስንት ሙቀት፣ በስንት ጊዜ እንደሚቃጠል ለክተው ነበር። 60 ዲግሪ የሞቀ ነገር በ5 ሴኮንድ ያህል ያቃጥላል። 44 ዲግሪ የሞቀው ደግሞ፣ ይኸውም ከገላችን ሙቀት በ7 ዲግሪ ብቻ የሚበልጠው፣ 6 ሰዓት ያህል ከቆየ ያቃጥላል። እጅ ሲነካው «ለስላሳ ሙቀት ነው» የሚባለው ማሞቂያ ሌሊቱን ሙሉ ሲታቀፉት ያደሩ እንደሆነ ሥጋ ያበስላል ማለት ነው። እ.ኤ.አ. በ1995 የአሜሪካ መንግሥት መሥሪያ ቤቶች ባወጡት ማስጠንቀቂያ በዚያ አገር በየዓመቱ በአማካይ 8 ሰዎች በማሞቂያ ምክንያት እንደሚሞቱ፣ 1,600 የሚሆኑም በቃጠሎ ሐኪም ቤት እንደሚሄዱ ገልጸው ነበር። ከሞቱት የሚበዙት ከ65 ዓመት በላይ የሆኑ ነበሩ። ይህ ቮልቱ በሚስማማበት፣ ዕቃው በተሠራበት አገር ነው!

ስለዚህ ማሞቂያ ያላችሁ፣ ቮልቱም የሚስማማ ሲሆን፣ ከሚያምው ቦታ ላይ አኑሩት እንጂ አትተኙበት። ከሰውነት ሥር ሲሆን ሙቀቱ መውጫ ያጣና ይጠራቀማል። በጨርቁና በገላችሁ መካከል ፎጣ ይኑር። ከ15 እስከ 20 ደቂቃ ይበቃል፤ ከዚያ ከሶኬቱ ንቀሉት፤ ማጥፊያውን ተጭኖ መተው ብቻ አይበቃም። እንቅልፍ ከመጣባችሁ ሳትተኙ ንቀሉት። አጥፋችሁ ወይም ጠቅልላችሁ አታሙቁት፣ በመርፌ ቁልፍ ከልብሳችሁ ጋር አታያይዙት፤ መርፌው ሽቦውን ሊበሳው ይችላልና። እርጥብ ከሆነ አትሰኩት። ለቁርጥማት የሚቀባውን የሚያቃጥል ቅባት ተቀብታችሁም በላዩ ማሞቂያ አትጣሉበት፤ ሁለቱ ሲገናኙ ቆዳ ይልጣሉ።

«እኛ ዘንድ ኤሌክትሪክም የለ፤ የምናውቀው ሃይላንድ ነው» አሉኝ በትየርኪዲ ከዛፉ ሥር ተሰብስበው ከነበሩት ሴቶች አንዷ። እውነታቸውን ነው፤ አዲስ አበባም ቢሆን በብዙ ቤት የሚታቀፈው ሙቅ ውሃ የተሞላ የፕላስቲክ ጠርሙስ ነው። ነገር ግን የውሃ ጠርሙሶቹ ከሚሠሩበት ፕላስቲክ ብዙው 70 ዲግሪ አካባቢ ሲደርስ ይለሰልሳል፤ የፈላ ውሃ ከተሞላበት ይኮማተራል፣ ክዳኑ ይለቃል፣ ውሃው በብርድ ልብስ ውስጥ ይፈስሳል። ስለዚህ የምትጨምሩት ውሃ እጅ ሲነከርበት የሚቻል ይሁን። ጠርሙሱን ገልብጣችሁ እንደማያፈስ እዩ፤ በነጠላ ሁለት ሦስት ጊዜ ጠቅልሉት። ጨው የምታሞቁም ከምጣድ እንዳወረዳችሁ ገላ ላይ አትጣሉት፤ በክንዳችሁ ውስጠኛ ክፍል ሞክሩት። ያ ሰው የሚደነዝዘው አካል ካለው ግን የሚሞክርለት ሌላ ሰው ይሁን።

ሌላዋ ወጣት እናት ያለ ጊዜው የተወለደ ሕፃን በጠርሙስ ማሞቅ ይቻል እንደሆነ ጠየቀችኝ። አይቻልም! የሕፃን ቆዳ ስስ ነው፣ «ተቃጠልሁ» ብሎም አይናገርም። ለትንሽ ሕፃን የሚሻለው ማሞቂያ የእናቱ ደረት ነው። ልብሱን አውልቆ፣ ኮፍያና ሽንት ጨርቅ ብቻ አድርጎ፣ በጡቶቿ መካከል ገላ ለገላ ማሰርና ከላይ በነጠላ መሸፈን ነው። ይህ ዘዴ እ.ኤ.አ. በ1978 በኮሎምቢያ ዋና ከተማ በቦጎታ በሐኪም ቤት የተጀመረው ማሞቂያ ሣጥን አልበቃ ስላለ ነበር፤ በአዲስ አበባም በጥቁር አንበሳ ሆስፒታል ተሞክሮ ጠቃሚነቱ ታይቷል። እናት ከደከማት አባት ወይም አያት ሊያቅፉት ይችላሉ። በእርግጥ ያለ ጊዜው የተወለደ ሕፃን ጤና ጣቢያ ሳይታይ እቤት መቀመጥ የለበትም።

በዚያው ቆላ አንድ ነገር ልጨምር። ሰው በድንገት ብርድ ብርድ ካለውና ከተንቀጠቀጠ ማሞቂያ ወይም ጠርሙስ ከመፈለግ በፊት ወባ መሆኑን ጠርጥሩ። በላዩ ብርድ ልብስ እየደራረቡ ማደር በሽታውን አያቆመውም፤ በዚያኑ ዕለት ደሙን ማስመርመር ነው የሚያሻው።

ቃጠሎ ከደረሰ ደግሞ ምን ይደረግ? የልጅ ልጃቸው በድንጋጤ የጥርስ ሳሙና ቀባቻቸው፤ ጎረቤት ቅቤ ይዛ መጣች። ሁለቱም ሐኪሙን አስቸገሩት እንጂ አልረዱትም። ንጹሕና ቀዝቃዛ ውሃ ለ20 ደቂቃ ማፍሰስ ነው ዋናው መድኃኒት። ውሃ በጀሪካን በሚቀዳበት ቤት 20 ደቂቃ ረጅም መሆኑን አላጣሁትም፤ በጣሳ ቀስ እያሉ ማንቆርቆር ወይም በንጹሕ ጨርቅ እየነከሩ ማቀዝቀዝም ይረዳል። በረዶ አታድርጉበት፣ ያበጠውን ውሃ አታፈንዱት፣ በንጹሕ ጨርቅ ሸፍናችሁ ወደ ጤና ጣቢያ ውሰዱት። ዕቃው ራሱ በእሳት ከተያያዘ ግን ኤሌክትሪኩ ሳይቋረጥ ውሃ እንዳትረጩበት፤ አስቀድሞ ከቆጣሪው ላይ አጥፉ።

አሁን ወደ ተበላሸው ዕቃ እንምጣ፤ ይህ የማሞቂያ ብቻ ሳይሆን የማንኛውም የኤሌክትሪክ ዕቃ ጉዳይ ነው። ዕቃ ከመበላሸቱ በፊት ይናገራል። ገመዱ ይሞቃል፣ ስፒናው ይጠቁራል፣ የተቃጠለ ላስቲክ ይሸታል፣ ካውያው ሲነኩት ይነዝራል፣ ማሞቂያው አንድ ቦታ ላይ ብቻ ይግላል። እኛ ግን ገመዱን እያጣመምን «እንዲህ ሲያዝ ይሠራል» እንላለን። የነዘረ ዕቃ አንዴ ምሯችኋል፤ ሁለተኛ አትፈትኑት። በተለይ እጅ እርጥብ ከሆነ ወይም በባዶ እግር እርጥብ መሬት ላይ ከቆሙ መንዘሩ ሊገድል ይችላል። ካውያ ወይም ምድጃ በባለሙያ ሊጠገን ይችላል፤ የሚሞቅ ጨርቅ ግን ውስጡ ያሉት ሽቦዎች ከተጎዱ አይጠገንም። በናስትሮ ጠቅልሎ «አለቀ» የሚል ሰው ካጋጠማችሁ አመስግናችሁ ዕቃችሁን ይዛችሁ ሂዱ።

አዲስ ዕቃ ገዝታችሁ ጉድለት ካገኛችሁበት ደግሞ ዝም አትበሉ። በ2006 ዓ.ም. የወጣው የንግድ ውድድርና የሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 813 ሸማች ጉድለት ያለበትን ዕቃ በገዛ በ15 ቀን ውስጥ እንዲለወጥለት ወይም ገንዘቡ እንዲመለስለት የመጠየቅ መብት ሰጥቶታል። ለዚህ ደረሰኝ ያስፈልጋል። «ደረሰኝ ከፈለግሽ ዋጋው ሌላ ነው» የሚል ነጋዴ ብዙ ጊዜ ስለ ዕቃው የሚያውቀው ነገር ስላለ ነው ብዬ እጠረጥራለሁ። ካርቶኑንም ቢያንስ እነዚያን 15 ቀናት አትጣሉት። ከውጭ በሻንጣ የመጣ ዕቃ ግን ደረሰኙ ባሕር ማዶ ነው፤ ተጠያቂውም እንደዚያው።

አንድ ነገር ደግሞ ያሳስበኛል። የተበላሸ ዕቃ ከቤታችን ሲወጣ ወዴት ነው የሚሄደው? የሚነዝረውን ካውያ ለሠራተኛችን እንሰጣለን፣ ገመዱ የላላውን ምድጃ ገጠር ላለ ዘመድ እንልካለን፣ «ለእነርሱ ይበቃቸዋል» ብለን። ሰጠን ብለን ደግሞ ምስጋና እንጠብቃለን! የማይጠገን ዕቃ ከቤት ከመውጣቱ በፊት፣ ከሶኬት ነቅላችሁ ገመዱን ከሥሩ ቁረጡት፤ ከዚያ ማንም አንሥቶ አይሰካውም። ትየርኪዲ ላይም ይህንኑ አደረጉ። የልጅ ልጃቸው የተቃጠለውን ማሞቂያ ለመጣል ስትወስደው አንድ ጎረቤት «የእኔ ወንድም ይሠራዋል፣ ስጪኝ» ብሏት ነበር። ስፒናውን በቢላዋ ቆርጣ ነው የጣለችው።

እኚህ እናት አሁን የስኳር መድኃኒታቸውን ይወስዳሉ። ማታ ማታም የልጅ ልጆቻቸው እግራቸውን በፋኖስ ብርሃን እያዩ ቁስል መኖር አለመኖሩን ይነግሯቸዋል። ስማቸው እንዳይጻፍ ነው ያሳሰቡኝ፤ ምክንያታቸውም የሚያሳፍራቸው ነገር ስላለ አይደለም። ኦማሃ ያለችው ልጃቸው እስከ ዛሬ አልሰማችም። «ሌሊት ሌሊት ሠርታ በገዛችው ዕቃ እናቴን አቃጠልሁ ብላ ታልቅስ?» አሉኝ።

እኔም፣ ጣልቃ መግባት ልማዴ ባይሆንም፣ ልጅቷ ካላወቀች ለሌላ ሰው እናት ደግማ ልትልክ እንደምትችል ነገርኳቸው። ጓደኞቿም ከእርሷ አይተው ይልካሉ። እርሳቸው ረጅም ጊዜ ዝም ብለው ጠባሳቸውን በጣታቸው ዳበሱት፤ ከዚያ ከአስተርጓሚው ጋር ጥቂት ተነጋገሩ። አስተርጓሚው ፈገግ ብሎ ወደ እኔ ዞረ። «እሑድ ስትደውል እነግራታለሁ ይላሉ። ነገር ግን ገና አልተቃጠልሁም፣ ቁጥሩን አንብበን ነው የተውነው እላታለሁ ብለዋል።»